የጨረታው ደረሰኝ

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ ለደን ማኅበር፣
የሣጥኑ ቁልፍ በአንገቴ የሚያድር።
ስሜ ጦይባ ሙሄ፣ አገሬ አልቡኮ፣
ደብተሬ የሒሳብ ነው፣ የግጥም አይደል እኮ፤
ግን የዘንድሮው ነገር በቁጥር አልገባ አለኝ፣
ወጪ ልበለው ገቢ፣ ዓምዱ ጠፋብኝ።

ሁለት መቶ አርባ አጣና ነው የቆረጥን፣
ከተከልነው ባሕር ዛፍ፣ በተራ፣ በውጥን።
ጽዱና ወይራውን አንነካም ብለን፣
በገዛ ሕጋችን በጣት ፈርመን፣
እየዞርን ጠብቀን አሥራ አንድ ዓመት፣
ሌሊቱን በባትሪ፣ ቀኑን በፉጨት።

ይመር ልጡን ላጠ፣ ዘምዘም ደረደረች፣
የአስረስ በቅሎ ቁልቁል ስትጎትት ዋለች።
እኔም በየግንዱ ጫፍ በምሳር ሦስት ጭረት፣
ሁለት ቀጥ ያለ፣ አንድ ያጋደለ፣ የማኅበር ምልክት።

ደላላው ቀድሞ መጣ፣ አይሱዙ አስከትሎ፣
«ባለበት ልጫነው፣ በስልሳ ብር» ብሎ።
የኮምቦልቻን ዋጋ ሰምተናልና፣
ሦስት እጥፍ ነው ሒሳቡ የእያንዳንዱ አጣና፤
እምቢ አልን። ራሳችን እንሸጣለን አልን።
ደላላው ሳቀና፣ «ወረቀቱስ?» አለን።

ወረቀቱ።
ከቀበሌ ድጋፍ፣ ከወረዳ ማኅተም፣
ቆጥሮ የሚያይ ባለሙያ፣ ስብሰባ ነው፣ የለም።
ለዞን ደብዳቤ፣ ከዞን መልስ፣ ለመልሱ ቁጥር፣
ቁጥር ሰጪዋ አራስ ናት፣ መዝገቡም ተቆልፎ ነበር።
አራት ጊዜ ወረድኩ፣ በእግርና በባጃጅ፣
የገዛ ዛፌን ልሸጥ ቆሜ በሰው ደጅ።
በአምስተኛው አገኘሁ የይለፍ ወረቀት፣
«የሚያገለግለው» ይላል «ለዛሬ ብቻ፣ ለአንድ ዕለት።»
ያን ዕለት ዘነበ። ጭቃው መኪና ዋጠ፣
ቀኑ ከነማኅተሙ ከእጄ ላይ አመለጠ።

ኬላው ላይ ገመድ አለ፣ በሁለት በርሜል መሃል፣
ጠባቂው በባትሪ ቀኑን አየና «አልፏል።»
«ልጄ፣ ዝናቡ ነው፣ ጎማችንን እየው፣»
«ዝናብ ማኅተም የለው» አለ፣ «እኔ ምን ላርገው?»
አወረዱት ሁሉን። ሲወርድ ቆጠርኩት።
ሁለት መቶ አርባ። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩት።

ሦስት ሳምንት በካፊያ፣ ሦስት ሳምንት በጠራራ፣
ከኬላው ጓሮ ቀረ ከዛገው በርሜል ጋራ።
አሥራ አንዱ ጎደለ። ጭስ አየሁ ከቤቱ፤
«ማነው ያነደደው?» አላልኩም፣ ይበርዳል ሌሊቱ።

በግንቡ ላይ አንድ ቀን ማስታወቂያ ተለጠፈ፣
«የተወረሰ እንጨት፣ በሐራጅ» ተብሎ ተጻፈ።
«አለቀልን» አለ ይመር፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
ዘምዘም ግን ቀና አለች፣ ዓይኗ ብቻ ስቆ፤
«ሐራጅ ለማንም አይደል? ለእኛስ ማን ከለከለ?
ጦይባ፣ ሣጥኑን ክፈቺ፣ ስንት ብር አለ?»

ደላላውም መጥቷል፣ ሰላም አለኝ በፈገግታ፣
አርባ ብሎ ጀመረ፤ እኔ አርባ አንድ፣ በዝግታ፤
እሱ አምሳ፣ እኔ አምሳ አንድ፤ ስልኩ ጮኸና ወጣ፣
እሱ ሳይመለስ የመዶሻው ድምፅ መጣ።
ጠረጴዛው ጽድ ነው። ሽታውን አወቅሁት።
ከየት ተቆረጠ? እሱንም ተውኩት።

ገዛነው የራሳችንን፤ ጭረቱ አለ እንዳለ፣
ሁለቱ ቀጥ ብለው፣ አንዱ እንዳጋደለ።
ደረሰኝ ቆረጡልን ባለ ካርቦን፣ ሰማያዊ፣
ትናንት ሕገ ወጥ የነበረው ግንድ ዛሬ ሆነ ሕጋዊ።
ያው ጠባቂ፣ ያው ገመድ፤ ቀና ብሎ አየን፣
«እለፉ» አለ። አለፍን። ማንም አልጠየቀን።

ኮምቦልቻ ላይ ሸጥነው፣ የተሰነጠቀው በርካሽ፣
የመኪናው ኪራይ ሲነሣ የተረፈን ቁራሽ።
አሁን መሽቷል። ደብተሩን ገለጥኩት፣
«የገዛ እንጨት ግዢ» ብዬ በወጪ ጻፍኩት።
ገዛ የሚሉት ቃል እንዴት ያለ ጉድ ነው፣
የራስም ማለት ነው፣ መሸመትም ያው ነው፤
ሦስተኛ ፍቺ አለው፣ ለሚገዛን የተውነው።

ሐሙስ ኦዲተር ይመጣል፤ «ዓምዱ የቱ ነው?» ካለ፣
ጭረቱን አሳየዋለሁ፣ አንዱ እንዳጋደለ።